አደራ የተሰጠ ክንድ

በዚህች ጽሑፍ ገጾች ላይ ስለ ጓደኛ አመራረጥ፣ ስለ ጥናት ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ሥራ ክቡርነት ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ስለ ትግል ስፖርት ግን የተጻፈ ነገር ማንበባችንን አናስታውስም። ስለሆነም አንዳንዶቻችሁ ገጹን ገልጣችሁ ስትመለከቱ «ይህ ደግሞ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጋር ምን ያገናኘዋል?» ማለታችሁ አይቀርም። እኛም በመጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በመካከላችን የደረሰ አንድ ጉዳት ለብዙ ሳምንታት ሲያከራክረን ከረመ፤ ክርክሩም ስለ ስፖርት መሆኑ ቀርቶ ስለ ጥፋትና ስለ ኃላፊነት፣ ስለ ልማድና ስለ ፈቃድ ሆነ። እንግዲህ ያንን ለእናንተ ማካፈል ተገቢ ሆኖ አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዩኒቨርሲቲ ከምንማረው የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች መካከል ሰባታችን በሳምንት ሦስት ቀን ማታ ማታ ጁዶ እንለማመዳለን። ጁዶ የጃፓኖች ትግል ነው። ሁለት ሰዎች ወፍራም ነጭ ልብስ ለብሰው በፍራሽ ላይ ይቆሙና አንዱ የሌላውን ኮሌታና እጅጌ ይዞ ሚዛኑን አስቶ ሊጥለው ይሞክራል። ከጣለውም በኋላ ጀርባውን ከፍራሹ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ወይም በኮሌታው አንገቱን ያንቀዋል፤ ወይም ክንዱን ዘርግቶ ክርኑን ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ ይጫነዋል። የተያዘው ሰው መውጫ ባጣ ጊዜ በመዳፉ የባልንጀራውን ገላ ወይም ፍራሹን ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል። ያን ጊዜ የያዘው ወዲያውኑ ይለቃል። ክርክር የለም፣ «ቆይ አንድ ጊዜ» የለም። ጨዋታው ሁሉ የቆመው በዚህች ትንሽ ምልክት ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ተቀላቀለን። ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ በመንደሩ በበዓል ቀን ከእኩዮቹ ጋር ትግል እየገጠመ ያደገ ጠንካራ ልጅ ነው። ይህ ልጅ መዳፉን መታ አያደርግም። ፊቱ እስኪቀላ ታንቆ እንኳ ዝም ይላል። እኛም፣ እዚህ ላይ እውነቱን መደበቅ አይገባንም፣ ይህን ጠባዩን ወደድንለት። ልምምዱ አልቆ ጫማችንን ስናጠልቅ «ይህ ልጅ እኮ ጀግና ነው፣ አይሰጥም!» እያልን በፊቱ እናወራለት ነበር። ሁለተኛ ስሙ «አይሰጤ» ሆነ። በአራተኛው ወር አንድ ማታ ከእኛ አንዱ፣ ሁለት ዓመት የቀደመው ልጅ፣ ቀኝ ክንዱን ዘርግቶ ያዘው። እርሱም እንደ ልማዱ ዝም አለ። እኛ ዙሪያውን ተቀምጠን «በርታ! እንዳትሰጥ!» እያልን እንጮሃለን። የያዘው ልጅ «ገና መውጫ አለው መሰለኝ» ብሎ ወገቡን ጥቂት ከፍ አደረገ። ከዚያ ሁላችንም ድምፁን ሰማነው።

ወጌሻ ይሻላል የሚልም ነበር፤ ሆኖም ወደ ሆስፒታል ወሰድነውና ራጅ ተነሣ። አጥንቱ አልተሰበረም፣ የክርኑ ጅማት ግን ክፉኛ ተጎድቷል። ክንዱን በአንገቱ አንጠልጥሎ ስድስት ሳምንት ቆየ፤ የመንፈቁንም ፈተና በቀኝ እጁ መጻፍ ስላልቻለ ከጓደኞቹ ተለይቶ እስከ ክረምት ጠበቀ። እናቱ ስልክ ደውለው «ልጆቼ፣ ምን አደረጋችሁብኝ?» ባሉን ጊዜ የሚመልስ ከመካከላችን አልተገኘም።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአዳራሹ ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጥፋቱ የማን እንደሆነ መከራከር ጀመርን። አንደኛው ወገን «ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ምልክቱ በእጁ ነበር፣ መታ ቢያደርግ ይለቀቅ ነበር። ነፃ ሰው ነውና የመረጠውን አገኘ» አለ። ሁለተኛው ወገን «የለም፣ ጥፋቱ የያዘው ነው፤ ሁለት ዓመት የሠለጠነ ሰው ክንድ የት ላይ እንደሚሰበር ያውቃል፣ የማያውቀው ጀማሪው ነው» አለ። የያዘው ልጅ ራሱ ይህን ሲሰማ አቀርቅሮ «አዎን፣ የእኔ ነው» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረም። እኛ የቀረነው ፈራጆች ሆነን ተቀምጠናል። ማንም በእኛ ላይ አልፈረደም።

ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ጥቂት ጥቂት ይዘዋል። ነገር ግን ሁለቱም ያንን ማታ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው አስበው፣ አውጥተው አውርደው የወሰኑ አድርገው ያስባሉ። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ክንድ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋበት ጊዜ አንሥቶ ጅማቱ እስኪጎዳ ድረስ ያለው ጊዜ አንዳንዴ ከአንድ ሰከንድ ያንሳል። በዚያች ቅጽበት ማንም አያመዛዝንም። የሚሠራው የለመደው እጅ ነው። አርስቶትል የተባለው የግሪክ ፈላስፋ በሥነ ምግባር ድርሳኑ ውስጥ ሰው ደግ የሚሆነው ደግ ሥራ በመሥራት ነው፣ ግንበኛም ግንበኛ የሚሆነው በመገንባት ነው ብሎ ማስተማሩን በክፍል ተምረናል። በክፍል ስንማረው ለፈተና የሚጠና ነገር ብቻ መስሎን ነበር። በፍራሹ ላይ ስናየው ግን ያ ልጅ አራት ወር ሙሉ አለመስጠትን ተለማመደ፣ ያዡም አራት ወር ሙሉ ምልክት እስኪመጣ መጫንን ተለማመደ። ሁለቱም ልማዳቸውን በትክክል ፈጸሙ።

እንግዲያስ ጥያቄው «ያን ማታ ያጠፋው ማን ነው?» መሆኑ ቀርቶ «ያንን ልማድ ማን አስተማረው?» ይሆናል። መልሱም ሩቅ አይደለም፤ አግዳሚው ላይ ፈራጅ ሆነው የተቀመጡት ናቸው። ጀማሪ የሚማረው አሠልጣኙ ከሚነግረው ይልቅ ነባሮቹ በምን እንደሚስቁና ምንን እንደሚያደንቁ በማየት ነው። አሠልጣኛችን በመጀመሪያው ቀን «ሳይመሽባችሁ መታ አድርጉ» ብለው ነግረውታል። እኛ ደግሞ «አይሰጤ» የሚል ስም አወጣንለት። ከሁለቱ የትኛው ትምህርት እንደሚጠልቅ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት መንገር አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ ነገሩን በደንብ ለማወቅ ስለ ጁዶ አጀማመር ማንበብ ጀመርን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጁዶን የመሠረተው ጂጎሮ ካኖ ይባላል። በ1860 ተወለደ፤ አካሉ ትንሽ ስለነበረ በተማሪ ቤት ጉልበተኞች ያስቸግሩት ነበር፤ ትግል ለመማር ያነሣሣውም ይኸው ነው። በ1882፣ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በቶኪዮ ኤይሾጂ በሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 የጃፓን ምንጣፍ በምትይዝ ክፍል ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቹ 9 ብቻ ነበሩ። ከእኛ ቁጥር በሁለት መብለጡ ነው። ካኖ ከዚያ በፊት የነበሩትን የጁጁትሱ ትግል ዓይነቶች አጥንቶ ለልምምድ አደገኛ የሆኑትን አወጣ፤ የቀሩትን ሰው ጉልበቱን ሳይቆጥብ ሊለማመዳቸው በሚችል አኳኋን አዘጋጀ። ሁለት መሠረተ አሳቦችም አኖረ፤ አንዱ ጉልበትን በሚገባ መጠቀም ሲሆን ሁለተኛው ራስና ሌላው አብረው መጠቀም የሚል ነው። ሁለተኛውን ስናነብ ቆም አልን። ባልንጀራዬ ከተጎዳ ነገ ከማን ጋር እለማመዳለሁ? ይህ ሒሳብ ነው፣ ገና ምግባር አይደለም። ነገር ግን ምግባርም አንዳንዴ በዚህ በር ይገባል።

ስለ ካኖ የሚተረክ አንድ ታሪክም አለ። ከመጀመሪያ መምህሮቹ አንዱ የሆኑትን ፉኩዳን «ይህ አጣጣል እንዴት ነው የሚሠራው?» ብሎ ሲጠይቃቸው መልሰው ጣሉት፤ ደግሞ ሲጠይቅ ደግመው ጣሉት ይባላል። እንዲህ ያለው ትምህርት ለካኖ ሠርቷል። እኛ ግን አንድ ሰው ስለ ጠነከረ ብቻ የተማረበት መንገድ ለሁሉ ይበጃል ማለት አይደለም ብለን እናምናለን። በዚያ መንገድ የተሰበሩት ታሪካቸው አይጻፍም።

በጃፓን ግን ቆይቶ ተቆጠረ። ከ1983 ጀምሮ ባሉት ወደ 30 በሚጠጉ ዓመታት ውስጥ በትምህርት ቤት ጁዶ ምክንያት የሞቱ ልጆች ከ100 በላይ ናቸው። ብዙዎቹ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች፣ ይኸውም ጀማሪዎች ነበሩ። ብዙዎቹም የሞቱት ወደ ኋላ ሲጣሉ ራሳቸው ተመትቶ ወይም በኃይል ተወዝውዞ በአንጎላቸው ዙሪያ ደም በመፍሰሱ ነው። የጁዶ አገር፣ መምህር ሞልቶ በተረፈበት አገር! ስለዚህ ጉድለቱ የዕውቀት ማነስ አልነበረም። መውደቅን ገና ያልለመደውን ልጅ የለመደ ሰው እንደሚጣለው መጣል ነበር። በ2022ም የመላው ጃፓን ጁዶ ፌዴሬሽን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አገር አቀፍ የነጠላ ውድድር አስቀረው። ምክንያቱም አዋቂዎች ለማሸነፍ ብለው ሕፃናቱን ክብደት እስከ ማስቀነስና ከዳር ሆነው እስከ መጮህ ደርሰው ነበር። «ከዳር ሆኖ መጮህ» የሚለውን ባነበብን ጊዜ እርስ በርሳችን አልተያየንም።

ታዲያ ምን አደረግን? አሠልጣኛችንን አማክረን ለጀማሪ የሚሰጠውን ነገር ቅደም ተከተሉን ለወጥነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንንም መጣል አይማርም፤ መውደቅን ብቻ ይማራል። መውደቅ ትምህርት ያለው አይመስልም፤ «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» እየተባለ ላደገ ሰው መውደቅ ውርደት ብቻ ነው። ግን አለው። መጀመሪያ ተኝቶ፣ ቀጥሎ ቁጢጥ ብሎ፣ በመጨረሻ ቆሞ ነው የሚለማመደው። አገጩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል፣ ዓይኑን ከቀበቶው ቋጠሮ ላይ ያሳርፋል፣ እንዲህ ሲሆን የራሱ ቅል ፍራሹን አይነካም። ክንዱን ከጎኑ ዘርግቶ በመዳፉና በክንዱ ፍራሹን ይመታል፣ ትንፋሹን ያወጣል። ወደ ኋላ እጁን ተመርኩዞ ለመቆም የሚሞክር ግን የእጅ አንጓውን ወይም ክርኑን ያጣል። ይህ የመመርኮዝ ጠባይ ከሕፃንነት ጀምሮ አብሮን ያደገ ስለሆነ አንድ ቀን ተነግሮ አይጠፋም። በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ወድቆ ነው የሚጠፋው። አሰልቺ ነው። አንዳንዱ ጀማሪ በሁለተኛው ሳምንት «መቼ ነው እውነተኛውን የምንጀምረው?» ብሎ ይጠይቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብንለው ይስቃል እንጂ አያምንም። ከመካከላቸውም ሰልችቷቸው የተዉ አሉ፤ ይህን አንሸሽግም።

ሁለተኛው መታ ማድረግን እንደ ማንኛውም ጥበብ ማለማመድ ነው። ጥንድ ጥንድ እንሆንና አንዱ ክንዱን ይሰጣል፣ ሌላው ቀስ አድርጎ ይዘረጋል፣ የሰጠው ገና ሳያመው መታ ያደርጋል። ያዡም ሲለቅ በድንገት አይጥለውም፣ እንደ ያዘው ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። «ሳያመው» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ክርን አስቀድሞ በሥቃይ ያስጠነቅቃል፤ ሁሉም መገጣጠሚያ ግን እንዲህ ታማኝ አይደለም። በሌሎች የትግል ዓይነቶች፣ ለምሳሌ በብራዚል ጁጁትሱ፣ ተረከዝን ይዞ ጉልበትን የሚያጣምም አያያዝ አለ። እዚያ ላይ ሥቃዩ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ጅማቱ ከተበጠሰ በኋላ ነው፤ ስለዚህም ለጀማሪዎች የተከለከለ ነው። አንገት መታነቅም እንዲሁ ነው፤ የደም ሥሩ በሚገባ ከተያዘ ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ራሱን ይስታል፣ ብዙም ሳያመው። «እስኪያመኝ እታገሣለሁ» የሚል ጀማሪ ትዕግሥቱን ከማያስጠነቅቀው ነገር ጋር አጋጥሞታል።

ሦስተኛው ለያዡ ነው፤ እኛም ከሁሉ የበለጠ የተከራከርንበት ይህ ነው። ጀማሪ ሲይዝ፣ ነባሩ ምልክት አይጠብቅም። ክንዱ እንደ ተዘረጋ ባየ ጊዜ እርሱ ራሱ «ተይዘሃል» ብሎ ይለቃል። ከመካከላችን አንዱ ይህን ተቃወመ። «እንዲህ ከሆነ ሰጪው የራሱን ኃላፊነት መሸከም መቼ ይማራል? ሰውን ከገዛ ምርጫው ማዳን እርሱን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው» አለ። ከባድ ነገር ነው የተናገረው። ብዙ ካሰብን በኋላ የደረስንበት ይህ ነው። ጀማሪ ክንዱን ሲሰጠን አደራ ነው የሚሰጠን። በአገራችን አደራ የተቀበለ ሰው «ባለቤቱ መቼ መልስልኝ አለኝ?» ብሎ ዕቃውን ዝናብ ላይ አይተወውም። ባለቤቱ ቢዘነጋ እንኳ ተቀባዩ አይዘነጋም። ኃላፊነቱን የሚሸከመው ሲያውቅ ነው፣ አንድ ነገር እስኪያውቅ ድረስ ደግሞ የሚያውቀው ይሸከምለታል። መቼ እንደሚያበቃ ግን በወር ተቆርጦ የሚነገር አይደለም፤ በዚህ ላይ ዛሬም አልተስማማንም።

የቀሩትን በአጭሩ እንለፍ። ጥፍር ይቆረጣል። ልብስ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ይታጠባል። ጭርት ወይም ሌላ የቆዳ በሽታ የያዘው እስኪድን ከፍራሽ ይርቃል፤ ደብቆ የሚመጣ ስድስት ሰው ያስይዛል። በባዶ እግር ወደ መታጠቢያ ቤት ሄዶ በዚያው ወደ ፍራሽ መመለስ ነውር ነው። (ስለ እግር ሽታ የተነሣው ክርክር በዚህ ገጽ ባይጻፍ ይሻላል።) ክብደትን በተመለከተ ከእኛ አንዱ ዐቢይ ጾምን ለውድድር ክብደት መቀነሻ ልናደርገው እንችላለን ብሎ አሳቡን አቅርቦ ነበር፤ ለሁለት ነገር የሚሆን አንድ ረኀብ መሆኑ ነው። ሳቅንና ተውነው፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ በ1997 መጨረሻ ላይ አምስት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች በአንድ ጊዜ ብዙ ክብደት ለመቀነስ ውኃ ተከልክለው ላብ ሲያወጡ ሞተዋል። የተማሩ ልጆች ነበሩ፣ እንደ እኛ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ጀማሪን ለማበረታታት ነባሩ ሆን ብሎ ቢወድቅለት ውሸት ነውን? አንዳንዶቻችን «ውሸት ነው፣ ልጁ ያልቻለውን የቻለ ይመስለዋል» ብለን ነበር። ነገር ግን እናት ልጇን መራመድ ስታስተምር ሁለት እርምጃ ርቃ ቁጢጥ ብላ እጇን ትዘረጋለች እንጂ አሥር እርምጃ አትርቅም፤ ይህን ማንም ማታለል አይለውም። ጀማሪው በትክክለኛው ጊዜ፣ በትክክለኛው አያያዝ ሲመጣ ነባሩ ሳይቃወም ቢወድቅለት እውነተኛ ነገር ያስተምረዋል፤ «በዚህ ጊዜ እንዲህ ብታደርግ ሰው ይወድቃል» ይለዋል። በተሳሳተ አያያዝ መጥቶ ቢወድቅለትና «ጎበዝ!» ቢለው ግን ዋሸው። ውሸቱ በመውደቁ ሳይሆን በሙገሳው ውስጥ ነው። ስለ «አይሰጤም» ስናስብ እንዲሁ ነው፤ እኛ ያልሆነውን አልነገርነውም፣ የማይመሰገነውን አመሰገንንለት እንጂ።

አንድ አባት ይህን ስንነጋገር ሰምተው «ልጆቼ፣ ወንድ ልጅ እጅ መስጠትን ይለማመዳል እንዴ? እኛ በልጅነታችን ትግል ስንገጥም ጀርባችን መሬት ሳይነካ አንለቅም ነበር» አሉን። በአክብሮት አዳመጥናቸው፤ የተናገሩትም ከንቱ አይደለም። የማይሰጥ ልብ ያስፈልጋል። ግን ጀርባ መሬት መንካትም ምልክት ነው፤ በእርሳቸውም ትግል ጀርባው መሬት የነካ ተነሥቶ አቧራውን ያራግፋል እንጂ ክንዱ እስኪሰበር አይቆይም። «አባታችን፣ የእናንተም ጨዋታ ማቆሚያ ነበረው» አልናቸው። ጥቂት አስበው «ይሁን፣ ያዕቆብም ሲታገል አድሮ ያነከሰ ነው» ብለው ፈገግ አሉና ሄዱ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስካሁን እንከራከራለን፤ ያዕቆብ እስኪነጋ አለመልቀቁ ለእርሳቸው ይመሰክር ይሆን፣ ማነከሱ ለእኛ?

በ1964 ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲገባ የሆላንዱ አንቶን ጌሲንክ በክብደት ባልተለየው ውድድር የፍጻሜ ግጥሚያ ጃፓናዊውን ካሚናጋን በአገሩ ሕዝብ ፊት ከፍራሹ ጋር አጣብቆ ይዞ አሸነፈው። የጌሲንክ አገር ሰዎች በደስታ ወደ ፍራሹ ሊሮጡ ሲሉ እርሱ ገና ሳይነሣ እጁን ዘርግቶ ከለከላቸው። ብዙ ሰው ከድሉ ይልቅ ያንን እጅ ያስታውሳል። ያም እጅ ቢሆን በዚያች ቅጽበት አስቦ የተዘረጋ አይመስለንም። አስቀድሞ የለመደ እጅ ነው። እኛ በዚያች ማታ ዙሪያውን ተቀምጠን ስንጮህ እጃችን ምን ለምዶ ነበር?

ልጁ በመስከረም ተመለሰ። ቀኝ ክንዱ እስካሁን እስከ መጨረሻ አይዘረጋም፤ ጥቂት ይጎድለዋል። የያዘው ልጅ ሁለት ወር ከፍራሽ ርቆ ነበር፤ የመለሰውም ይኸው ልጅ ነው፣ ማደሪያው ድረስ ሄዶ «ማን ያለማምደኛል?» ብሎ። አሁን ጀማሪዎችን መውደቅ የሚያስተምረው እርሱ ነው፣ እኛ መርጠነው ሳይሆን ራሱ ጠይቆ። ባለፈው ማክሰኞ አንድ አዲስ ልጅ ክንዱ ተይዞ ገና ሳይዘረጋ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ መታ መታ ሲያደርግ ከዳር አንድ ሰው ሳቀ። ሁላችንም ዞር ብለን አየነው። የሳቀው ከእኛ አንዱ ነበር።